ደብል አይፒኤ ቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሆፕ (ቢራን የሚያመርር ተክል) የበዛበትን ጠንካራ ቢራ ቤታቸው ወስደው መሞከር ከጀመሩ፣ በተለይ እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ካሉ ወዳጆቼ፣ ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ።

አይፒኤ ምንድን ነው? «ደብል» ሲባልስ?

አይፒኤ «ኢንዲያ ፔል ኤል» የሚለው ስም ምህጻር ነው። ነገሩ የተጀመረው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ለንደን ውስጥ ነው። የሆጅሰን ቢራ ጠማቂዎች ሆፕ የበዛበት ፈካ ያለ ቢራ በመርከብ ወደ ህንድ ይልኩ ነበር። ከ1820ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በርተን የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ጠማቂዎች ገበያውን ወሰዱት። ብዙ ሰው «ለመርከብ ጉዞ ተብሎ የተፈጠረ ቢራ ነው» ይላል። ይህ የተጋነነ ነው። ጥቁሩን ፖርተር ጨምሮ ሌላም ቢራ በዚያው መንገድ ህንድ ደርሷል። ሆፕ ግን ቢራን ከመቆምጠጥ ስለሚጠብቅ፣ ሩቅ የሚሄደው ቢራ ላይ በዛ ተደርጎ ይጨመር ነበር።

ደብል አይፒኤ የአሜሪካ ልጅ ነው። በ1994 ቪኒ ሲለርዞ የሚባል ጠማቂ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ብላይንድ ፒግ በሚባል ትንሽ ቢራ መጥመቂያ፣ ብቅሉንም ሆፑንም ጨምሮ ጠመቀ። መሣሪያው አሮጌ ስለነበር፣ ጣዕሙ ላይ ጉድለት ቢኖር የሚሸፍን ኃይለኛ ቢራ መሥራት ፈልጎ ነው። ዛሬ ደብል ወይም ኢምፔሪያል የሚል ጽሑፍ ስታዩ የአልኮል መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ7.5 እስከ 10 በመቶ ነው። እኛ አገር የለመድናቸው የጠርሙስ ቢራዎች ወደ 5 በመቶ አካባቢ ናቸው። «ደብል» ማለት ሁሉ ነገር በትክክል እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም። ከተራው አይፒኤ በግልጽ ጠነከረ ማለት ነው።

ሆፕ ከጌሾ ጋር አንድ ነው?

አንድ አይደለም፤ ሥራቸው ግን ይመሳሰላል። ሆፕ በገመድ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። ቢራ ውስጥ የሚገባው የሴቴዋ ተክል አበባ ነው። አውራ ጣት የሚያህል፣ ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበ ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ነው። መሃሉን ሰንጠቅ አድርጋችሁ ብታዩት ቢጫ ዱቄት አለው። ያንን በጣታችሁ እሹት። መጀመሪያ ሙጫ ሙጫ ይላል፤ ከዚያ የሎሚ ልጣጭ፣ የጥድ፣ አንዳንዴም የማንጎ ሽታ ይመጣል። መራራነቱም መዓዛውም ያለው እዚያ ዱቄት ውስጥ ነው። የአሜሪካ ሆፕ አብዛኛው የሚበቅለው በዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ ሸለቆ ውስጥ ነው።

ጌሾ ደግሞ ቁጥቋጦ ነው፤ በዘር ከሆፕ ጋር አይገናኝም። ለጠላ ቅጠሉንም እንጨቱንም፣ ለጠጅ በተለይ እንጨቱን እንጠቀማለን። ሁለቱም መጠጡን ያመራሉ፤ ሁለቱም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛሉ። ጌሾ የሌለው ጠላ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ ሆፕ ለቢራ ምን እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ሆፕ ከካናቢስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው ሲባል ሰምተው «ያናውዛል ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አያናውዝም። የሚያሰክረው አልኮሉ ነው።

መራራ ነገር አልወድም። ይሆነኛል?

ቡና ያለ ስኳር የምትጠጡ ከሆነ ይሆናችኋል። መራራ በአንድ ጊዜ የሚወደድ ጣዕም አይደለም፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። በዚያ ላይ ደብል አይፒኤ ውስጥ ብቅሉ ብዙ ስለሆነ ከመራራው ጀርባ ጣፈጥ የሚል ነገር አለ። አንዳንድ ጣሳ ላይ «አይቢዩ» የሚል ቁጥር ታያላችሁ። የመራራነት መለኪያ ነው። 1 አይቢዩ ማለት በግምት በ1 ሊትር ቢራ ውስጥ 1 ሚሊግራም የሆፕ መራራ ንጥረ ነገር አለ ማለት ነው። ደብል አይፒኤ ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ይደርሳል። ቁጥሩን አይታችሁ ግን አትደንግጡ። ብቅል የበዛበት 80 አይቢዩ ቢራ፣ ቀጭን ከሆነው 60 አይቢዩ ይልቅ ለምላስ ሊለሰልስ ይችላል።

ወሳኙ ሆፑ መቼ ገባ የሚለው ነው። ቀደም ብሎ ገብቶ ረጅም ሰዓት የፈላ ሆፕ መራራነት ይሰጣል፤ መዓዛው ግን በእንፋሎት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ወይም ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ የገባ ሆፕ መዓዛውን ይዞ ይቆያል። ጎረቤታችን ደላዌር ያለው ዶግፊሽ ሄድ የሚባለው መጥመቂያ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አመጣ። መሥራቹ ሳም ካላጆኒ አንድ ምግብ አብሳይ ሾርባ ላይ በርበሬ በአንዴ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያለ ሲጨምር በቴሌቪዥን አየ። ከዚያ በንዝረት የሚሠራ የእግር ኳስ መጫወቻ ሰሌዳ ፈልጎ፣ ሆፑ እየተንጠባጠበ ያለማቋረጥ ወደ ድስቱ እንዲገባ አደረገ። «90 ሚኒት አይፒኤ» የሚባለው 9 በመቶ ቢራ ስሙን ያገኘው ሆፑ ለ90 ደቂቃ ሳያቋርጥ ስለሚገባበት ነው። ወጥ ላይ ቅመም ሲጣል የጊዜውን ነገር የሚያውቅ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል።

አንዱ እንደ ጭማቂ ደፍርሷል፣ ሌላው ጥርት ያለ ነው። የደፈረሰው ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ሁለት መንገዶች ናቸው። የካሊፎርኒያው ጥርት ያለ፣ ደረቅ፣ መራራነቱ የሚሰማ ነው። ደፍራሳው ከወደ ቬርሞንት የመጣ ነው። አጃና ስንዴ ይገባበታል፣ ሆፑም የሚበዛው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ለስለስ ያለና የፍራፍሬ ሽታ የበዛበት ነው። ከዚህ ዓይነቱ ስሙ የገነነው፣ ዘ አልከሚስት የሚባለው መጥመቂያ የሚሠራው ሄዲ ቶፐር ነው፤ 8 በመቶ ነው። ጉሽ ጠላ ጠጥቶ ያደገ ሰው መደፍረሱን አይቶ ሊሸሽ አይገባም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ልግዛ?

በደብል አትጀምሩ። መጀመሪያ ሴራ ኔቫዳ ፔል ኤልን ሞክሩ። ከ1980 ጀምሮ የሚሸጥ፣ 5.6 በመቶ የሆነ፣ የሆፕ መዓዛ ምን እንደሆነ በደንብ የሚያሳይ ቢራ ነው። እሱን ከወደዳችሁት ወደ ቤልስ ቱ ሃርትድ እለፉ፤ 7 በመቶ ነው። ከዚያ ነው ደብሉ። እንዲህ ደረጃ በደረጃ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ይወደዋል። ከለመደው የጠርሙስ ቢራ በቀጥታ 9 በመቶ ላይ የዘለለ ግን «ይሄ መድኃኒት ነው!» ብሎ ይተወዋል፤ ስንቱን አይቻለሁ።

ሱቅ ውስጥ ምን አይቼ ልምረጥ?

ቀኑን። ከስሙ በፊት፣ ከሥዕሉ በፊት፣ ከዋጋው በፊት ቀኑን እዩ። ከዚህ ሁሉ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

የሆፕ መዓዛ ቢራው ከታሸገበት ቀን ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር እንደ ተላጠ ብርቱካን የሚሸት ቢራ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር የማርና የእርጥብ ካርቶን ሽታ ይይዛል። ጠማቂዎቹም ይህን አይደብቁም። ራሽያን ሪቨር የሚባለው መጥመቂያ በሚሠራው ፕላይኒ ዘ ኤልደር ቢራ ጠርሙስ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ እንዲቀመጥ፣ ሳይቆይ እንዲጠጣ ተጽፏል። ስቶን የሚባለው የሳንዲያጎ መጥመቂያ ደግሞ በ2012 መጠጫ ቀኑን ራሱን የቢራው ስም አድርጎ ማውጣት ጀመረ። ቀኑ በትልቁ ፊት ለፊት ነው የሚታተመው።

ጣሳውን ገልብጡና ታቹን እዩ። የታሸገበት ቀን ከሆነ፣ እኔ ከአንድ ወር በላይ የሆነውን ብዙም አላነሳም፤ ከሦስት ወር በላይ ከሆነው ጨርሶ እተዋለሁ። «እስከዚህ ቀን ይጠጣ» የሚል ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ቀኑ ገና ቢሆንም ቢራው ከተሠራ ብዙ ወር ሊሆነው ይችላል። የአሜሪካ ቀን ወሩን ከፊት እንደሚያስቀድምም አትርሱ፤ 04/09 ማለት ኤፕሪል 9 ነው። ምንም ቀን የሌለው ጣሳ፣ በተለይ አቧራ የያዘ፣ በግማሽ ዋጋም ቢሆን ይቅርባችሁ። መስኮት ላይ ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ ያለውንም ጠርሙስ እለፉት።

ለእንግዳ ብዬ በካርቶን ገዝቼ ምድር ቤት ባስቀምጥስ?

ይህን ልማዳችንን አውቀዋለሁ፣ እወደዋለሁም። ቤት ባዶ መሆን የለበትም። ለሌላው ቢራ ችግር የለውም። ለአይፒኤ ግን አይሆንም። ጠማቂዎች የሚጠቀሙበት አንድ የግምት ስሌት አለ፤ 3 ቀን በ32 ዲግሪ፣ 30 ቀን በ22 ዲግሪ፣ 300 ቀን በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሦስቱም ቢራውን በተመሳሳይ መጠን ያስረጁታል። በጁላይ ሙቀት መኪና ኋላ ኮፈን ውስጥ ሦስት ቀን የረሳችሁት ካርቶን፣ ፍሪጅ ውስጥ አሥር ወር ከቆየው ጋር እኩል አርጅቷል ማለት ነው።

እናቶቻችን ጠላ የሚጠምቁት ለበዓሉ ተሰልቶ ነው። ለፋሲካ የተጠመቀው ለፋሲካ ይጠጣል እንጂ ለሚቀጥለው ገና አይቀመጥም። ይህንም እንደዚያ አስቡት። እንግዳ የሚመጣ ከሆነ በዚያው ሳምንት አራት ጣሳ ግዙና ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ማቆየት ከፈለጋችሁ ባርሊ ዋይን ወይም ኢምፔሪያል ስታውት የሚባሉ ጠንካራ ቢራዎች አሉ፤ እነሱ ዓመት ቢቆዩም ያምርባቸዋል።

ከፍሪጅ ወጥቶ ሞቆ ተመልሶ ቢገባ ይበላሻል ይባላል። እውነት ነው?

አንድ ጊዜ ወጥቶ መግባቱ አያበላሸውም። የሚጎዳው ሞቆ የቆየበት ጊዜ ነው። ሰዎች «ተበላሸ» የሚሉት ያ መጥፎ፣ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ የሚመጣው ከብርሃን ነው። ብርሃን የሆፑን መራራ ንጥረ ነገር ሲመታው ይሰባበርና ድኝ ያለበት ሽታ ይፈጥራል። ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቡናማው አብዛኛውን ያግዳል፤ ጣሳ ጨርሶ አያሳልፍም። ፀሐይ ላይ በብርጭቆ የተቀመጠ ቢራ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሸት ይችላል። ግቢ ውስጥ ሥጋ እየጠበሳችሁ ከሆነ ብርጭቋችሁን ጥላ ውስጥ አድርጉት።

ምን ያህል ይቀዝቅዝ?

«በረዶ የመሰለ» የምንለው ለዚህ ቢራ አይሆንም። በጣም የቀዘቀዘ ነገር ሽታ አይሰጥም፤ የከፈላችሁበት ደግሞ ሽታው ነው። ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥሩ ነው። ከፍሪጅ አውጥታችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ተዉት። ብርጭቆ ውስጥ እየሞቀ ሲሄድ ሽታው ይለወጣል። መጀመሪያ ሎሚ፣ ከዚያ ጥድ፣ መጨረሻ ላይ የብቅሉ ጣፋጭነት። ለዚህ ነው ቀስ ተብሎ የሚጠጣው።

ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ከከተታችሁት ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ። እኔ አንድ ማታ ረስቼው አድሮ፣ ጣሳው ታቹ አብጦ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው እንጀራ ሁሉ ቢራ ቢራ ሸቶ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ የማደርገው፣ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በረዶ፣ ውሃና አንድ እፍኝ ጨው አድርጌ ጣሳውን እነክራለሁ። ብዙ ደቂቃ አይፈጅም።

ብርጭቆ የግድ ነው? ብርሌስ ይሆናል?

ብርጭቆ ተጠቀሙ። በጣሳው ቀዳዳ በኩል አፍንጫ አይገባም። የሚመቸው፣ ታቹ ሰፋ፣ አፉ ትንሽ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ነው፤ የወይን ብርጭቆ በቂ ነው። ሽታው እዚያ ይሰበሰባል። ብርሌ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ያምራል። አንገቱ ግን በጣም ጠባብ ነው። አፍንጫ አያስገባም፣ አረፋውም አንገቱ ላይ ታንቆ ይገነፍላል። ብርሌን ለጠጅ ተዉት። የሄዲ ቶፐር ጠማቂዎች ከጣሳው እንዲጠጣ ጣሳው ላይ ጽፈዋል፤ ቢራው ለእነሱ ነውና አከብራለሁ። እኔ ግን እሱንም እቀዳዋለሁ።

ከቅርጹ ይልቅ ንጽሕናው ይበልጣል። ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አረፋውን ይገድለዋል። ወጥ የነካው ስፖንጅ ለቢራ ብርጭቆ አይሁን። ቢራ ቀድታችሁ ከጎኑ ላይ የአየር አረፋዎች ተለጥፈው ከቀሩ ብርጭቆው አልጸዳም ማለት ነው። በሙቅ ውሃ ብዙ ጊዜ አለቅልቁት፣ በጨርቅ ሳትወለውሉ ደፍታችሁ አድርቁት።

እንዴት ይቀዳል? አረፋው መጥፎ ነው አይደል?

አረፋ ጠላት አይደለም። ድራፍት ቤት አረፋ የበዛበት ጃምቦ ሲመጣልን «ተበላን» ማለት ስለለመድን ነው። ብርጭቆውን አጋድሙና በጎኑ ቅዱ፤ ግማሽ ሲደርስ ቀና አድርጋችሁ መሃል ላይ አፍስሱ። ሁለት ጣት የሚሆን አረፋ ይቁም። ሽታውን ወደ ላይ የሚያመጣው እሱ ነው። ከመጠጣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አሽትቱ፤ ቡና ሲቆላ ጭሱን በእጃችን ወደ ራሳችን እንደምንስበው።

ከየትኛው ምግባችን ጋር ይሄዳል? ከዶሮ ወጥ ጋርስ?

ከዶሮ ወጥ ጋር አልመክርም። አልኮልና መራራነት የበርበሬን ማቃጠል ያብሱታል። ቃናው የበረታ ወጥ ላይ 9 በመቶ ቢራ ስትጨምሩበት አፋችሁ እሳት ይሆናል፤ የወጡም የቢራውም ጣዕም ይጠፋል። ከዶሮ ወጥ ጋር ቀለል ያለ ቢራ ወይም ጠላ ይሻላል።

የሚሄደው ቅባት ካለው ነገር ጋር ነው። ክትፎ፣ ሚጥሚጣው ቀነስ ተደርጎ፣ በጣም ያምርበታል። ቅቤው ምላስ ላይ ይለጠፋል፤ የሆፑ መራራነትና ጋዙ ጠርጎ ያነሳዋል፤ ቀጣዩ ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጣል። ጥብስም እንዲሁ፣ በተለይ ጮማ ያለበት። ከፈረንጅ ምግብ የቆየ ቸዳር አይብ ጥሩ ነው። የካሮት ኬክም ነገሩን ለማያውቅ እንግዳ ቢመስልም ከደብል አይፒኤ ጋር ሲሞከር ያስገርማል። ምንም ከሌለ ቆሎ። የተቆላ ገብስ ከገብስ መጠጥ ጋር ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው።

ለምን ቶሎ ያሰክራል? አንዱ ጣሳ ስንት ቢራ ነው?

እንቁጠረው። አሜሪካ ውስጥ አንድ «መጠጥ» የሚባለው 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። 355 ሚሊሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ ማለት ነው። ደብል አይፒኤ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በ473 ሚሊሊትር ጣሳ ነው። 8 በመቶ ከሆነ ውስጡ 30 ግራም ያህል አልኮል አለ። ስለዚህ አንዱ ጣሳ ከሁለት መጠጥ በላይ ነው። በአገራችን 330 ሚሊሊትር ጠርሙስ ብናሰላው ከሁለት ጠርሙስ ይበልጣል። ሁለት ጣሳ የጠጣ ሰው «ሁለት ቢራ ነው የጠጣሁት» ሲል ልክ ነው፤ ሰውነቱ የሚያውቀው ግን ከአራት በላይ ነው። ጉበት ደግሞ በግምት በሰዓት አንድ መጠጥ ያህል ነው የሚያስወግደው። ቡናም ሻወርም አያፋጥኑትም።

ስለዚህ ቤታችሁ ይህን ቢራ ስታቀርቡ «በሞቴ አንድ ድገም» ማለቱ ይቅርብን። ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እንግዳው ቆይቶ መኪና ይነዳል። እኔ አንዱን ጣሳ ለሁለት ሰው አካፍላለሁ፣ ከጎኑ ውሃ አስቀምጣለሁ፣ የአልኮሉን መቶኛም ከመቅዳቴ በፊት እነግራለሁ። የሚነዳ ሰው ካለ አልቀዳለትም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት መጠጣት የለባትም። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ጨርሶ ሦስት ቀን እስኪያልፍ ይታገስ፤ ሌላ መድኃኒት ላይ ያላችሁ ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ። ስለ ቦርጭ ለምትጠይቁኝም፣ በዚያ አንድ ጣሳ ውስጥ ያለው አልኮል ብቻውን 210 ካሎሪ ነው፤ የብቅሉ ስኳር ሳይቆጠር።

ከፍቼ ያልጨረስኩትን ለነገ ባስቀምጠውስ?

አይቆይም። ጋዙም ሽታውም በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል። ትንሹን ጣሳ ግዙ ወይም የሚጋራችሁ ሰው ጋብዙ።

ጾም ላይ ይሆናል?

ጥያቄው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ውስጡ የፍስክ ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። ቢራ ከውሃ፣ ከብቅል፣ ከሆፕና ከእርሾ ነው የሚሠራው፤ አብዛኛው አይፒኤ ከእንስሳ የመጣ ነገር የለበትም። ነገር ግን «ሚልክሼክ አይፒኤ» የሚባል ዓይነት አለ። ቀልድ አይደለም፣ የወተት ስኳር ይገባበታል። ጣሳው ላይ «ላክቶስ» የሚል ካያችሁ ፍስክ ነው። አንዳንድ የእንግሊዝ ባህላዊ ቢራም የሚጠራው ከዓሣ ፊኛ በሚወጣ ነገር ነው።

ሁለተኛው በጾም አልኮል መጠጣት ይገባል ወይ የሚለው ነው። እሱን የምትጠይቁት እኔን ሳይሆን የንስሐ አባታችሁን ነው። እኔ በዐቢይ ጾም አልነካም፤ ለትንሣኤ ግን አዲስ የታሸገውን ፈልጌ አዘጋጃለሁ።

ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ ብወስደው ይተርፋል?

ጣሳው ይተርፋል። ከአሜሪካ ሲወጣ ከ24 በመቶ በታች የሆነ አልኮል በሚጫን ሻንጣ ውስጥ የመጠን ገደብ የለበትም። የአገር ቤቱን የጉምሩክ ደንብ ግን ከመጓዛችሁ በፊት አጣሩ። እያንዳንዱን ጣሳ በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ልብስ መሃል አድርጉ። ችግሩ ቀኑ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን ግዙ፣ እስከ መጨረሻው ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፣ ስትደርሱም መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ። ለወንድሜ የወሰድኩለት እንዲህ ደርሶ መዓዛው ሳይነካ ጠጥተነዋል። «ለልዩ ቀን» ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው ሁለተኛው ጣሳ ግን በዓመቱ ሲከፈት ያ ሽታ አልነበረም።

ቤት ውስጥ ልጥመቀው? በሆፕ ፈንታ ጌሾ ባደርግስ?

አሜሪካ ውስጥ ለራስ መጥመቅ ከ1978ቱ ሕግ ወዲህ በፌዴራል ደረጃ ተፈቅዷል። ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 757 ሊትር፣ መጥመቅ ይችላል። መሸጥ አይቻልም። እህቶቻችን በጋን ፈንታ በፕላስቲክ ባልዲ ጠላ የሚጥሉት በዚሁ ሕግ ነው።

ጌሾን ሞክሬዋለሁ። አንድ ጋሎን የገብስ ብቅል ውሃ ላይ በሆፕ ፈንታ የጌሾ ቅጠል አፈላሁ። መራራነቱ ጥሩ ሆኖ መጣ። ረጋ ያለ፣ እንጨት እንጨት የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆይ። የሎሚና የማንጎ ሽታ ግን የለም፤ ጌሾ ያንን አይሰጥም። በሁለተኛው ሙከራ ጌሾውን መጀመሪያ ለመራራነት አፈላሁት፣ ቢራው ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ሁለት እፍኝ ሆፕ ጨመርኩበት። እሱ ያማረ ነበር። እናቴ ቀምሳ «ይሄ ጠላ ሽቶ ተቀብቷል» አለች፣ ብርጭቆዋንም ጨረሰች።

ፍሪጅ ኋላ ዓመት ያለፈው አይፒኤ አገኘሁ። ልጠጣው ወይስ ልድፋው?

አይጎዳችሁም። አልኮሉ፣ ሆፑና የቢራው አሲድነት በሽታ የሚያመጡ ተሕዋስያን እንዲያድጉ አይፈቅዱም። ጣሳው ካላበጠና ካላፈሰሰ ክፈቱት። ደፍራሳው ዓይነት ከሆነ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዶ ታገኙታላችሁ። ወጥ ውስጥ ልጨምረው ብላችሁ አታስቡ፤ ውሃው ሲተን መራራነቱ ይከማችና ድስቱን ሙሉ ያበላሻል። ግማሽ ብርጭቆ ቅዱ፣ ከጎኑ የዚህን ወር ጣሳ ከፍታችሁ ቅዱ፣ ሁለቱን አከታትላችሁ አሽትቱ።